ጓፖ የሚለው ቃል ከየት መጣ

ቅድሳን ከጓደኛዋ ከሕሊና ጋር ሮም ውስጥ ፒኜቶ ሰፈር ላይ ትራም ስትሳፈር፣ ስድስት ዓመት እጮኛዋ የነበረውን ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ አገኘችው። የሷን ቤት አድራሻ አስመዝግቦ ፔርሜሶውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ካወጣ በኋላ፣ «ጓፖ» እያለች የምትጠራው ስፔናዊት አግኝቶ እጮኝነቱን በስልክ መልእክት ነበር ያፈረሰው። አሁን እንዳላያት ሆነ። እሷም እንዳላየችው ሆና ወደ ሕሊና ዞረች።

«ቀዝቅዟል አይደል ዛሬ? ሻርፕሽን ጠቅለል አድርጊ እንጂ... የማስታምማቸው ሴኞራ ቤጎኛማ ደህና ናቸው። የስፓኒሽ ቃል ከየት እንደመጣ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ይኸው በዘጠና ዓመታቸው ገላቸውን ሳጥብ እኔን ያስተምሩኛል። ትላንት ጀርባቸውን ሳሽ፣ ‹ጓፖ ከየት መጣ?› አይሉኝም? መልከ መልካም ማለት እንደሆነ ሰምቻለሁ አልኳቸው... ከማን እንደሰማሁ እንጃ። አሎራ፣ እንግዲህ መነሻው በላቲን ምን መሰለሽ? ጣዕሙ የሞተ ወይን ጠጅ! ከዚያ ለማይረባ ሰው ሆነ አሉኝ። እንዴት ተከራከርኳቸው መሰለሽ! ያ ሁሉ ቁመና በወይን ጠጅ ይሰደባል?»

ሰውዬው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ሀሎ፣ ሀሎ» ማለት ጀመረ። ስልኩ እዚያው ጆሮው ላይ እንዳለ ጮኸ።

«‹ጎርዶ›ስ? ወፍራም ማለት ነው፤ መነሻው ግን ‹ደነዝ›። ደግነቱ እኛ የምናውቀው ሰው ተመቸው እንጂ መች ወፈረ...»

ሰውዬው ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ። ትንፋሹንም አብሮ ያዘ።

«‹ሊንዶ› ግን አስለቀሰኝ። ቆንጆ ማለት ነዋ! መነሻው ‹ሕጋዊ› ነው አሉኝ። ለካ ሰው ፔርሜሶ ሲያገኝ የሚያምርበት ወዶ አይደለም! አንዳንዱማ በሰው ቤት አድራሻ ይቆነጃል... ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ ይመርበት! ከደጄ እንዲህ ያለ ቆንጆ መውጣቱ ለኔም ኩራት አይደል?»

ሕሊና ሳቋን ለመዋጥ የሻርፗን ጫፍ ነከሰች። ሰውዬው መውረጃው ሦስት ፌርማታ እየቀረው ደወሉን ተጫነ። ቅድሳን ፊቷ እንደፈካ ነው። ስድስት ዓመት ግን ቀላል አይደለም። በሩ ሲከፈት ዓይኗን ከሕሊና ሳትነቅል ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች።

«እኔ ለማንም ክፉ አልመኝም ሕሊናዬ። ለሙሽራ ሁሉ እግዚአብሔር ቁርጥ እሱን የሚመስሉ ልጆች ይስጠው። እሱ ቃሉን እንዳከበረ፣ እነሱም እንዲሁ አድርገው... እስከ ሽምግልናው ያክብሩት።»