የመቻል ሆድ

እትዬ ጥሩነሽ እህታቸውን ሊያስታምሙ አንበሳሜ ሲሄዱ ውሻቸውን መቻልን ለጎረቤታችን ለሰይድ አደራ ሰጡ። በሳምንቱ ቢመለሱ ውሻው ተቅማጥ ይዞታል። ከባሕር ዛፉ ሥር ካልሆነ የማይጸዳዳው ጨዋ ውሻ ደጃፉ ላይ ለቀቀውና አፍሮ ዓይኑን ሰበረ። እኔም ምላሴ አያርፍ፣ «ሰይድ መርዞት ነው» ብዬ ለሰፈሩ አዳረስኩ። እትዬ ጥሩነሽማ «ልጄ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ ጠብቂልኝ ያለኝ እኮ ይኸን ብቻ ነው» እያሉ ያለቅሳሉ።

ሰይድ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። «ምን አበላኸው?» አልኩት አፍጥጬ።

«ሥጋ ነዋ! ከቤቱ ወጥቶ ሆድ እንዳይብሰው ብዬ የራሴን ድርሻ ነው የሰጠሁት።»

ለካ እሳቸው ቤት በሁዳዴ ውሻውም አብሮ ጿሚ ነው። ወር ሙሉ ሽሮ የነካው ፍርፋሪ ሲበላ ለከረመ ሆድ ያን ሁሉ ጮማ!

እትዬ ጥሩነሽ እንባቸውን ጠርገው «ጾሙን አስገደፍከው በለኛ!» ብለው ሳቁ። ሰይድ ግን አልሳቀም፤ የገብስ አጥሚት በእጁ እያስላሰ ሦስት ቀን ደጃፋቸው ዋለ። በአራተኛው ቀን መቻል ብድግ አለና ቀስ እያለ ወደ ባሕር ዛፉ ሄደ። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅነው። ሲጨርስ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ሰፈሩ ምን ተገኘ ብሎ ሲወጣ፣ «ሰይድ አዳነው!» ብዬ ይኸንንም አዳረስኩ።