በጠመኔ የተጻፈው 2013

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ስም፦ አቶ ኃይለመስቀል ገብረሕይወት
ዕድሜ፦ 59
ሥራ፦ የዊስኪ ማምረቻ መጋዘን ሠራተኛ
አድራሻ፦ ክላርክስተን፣ ጆርጂያ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ የፖሊስ ምርመራ ቢሮ፣ ዲኬተር፣ ጆርጂያ
ቀን፦ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2025፣ ከጠዋቱ 9፡40
ቋንቋ፦ አማርኛ
ቃል ተቀባይ፦ መርማሪ መክብብ ተስፋዬ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ እንደተጻፈው ነው። ያለመናገርና ጠበቃ የማማከር መብት እንዳለኝ መርማሪው በአማርኛ አስረድተውኛል። ጠበቃ አልጠየቅኩም። የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ወደዚህ አገር የገባሁት እ.ኤ.አ. በ2017 ከሱዳን በስደተኛነት ነው። ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት በመጠለያ ካምፕ ኖሬአለሁ። አንድ ልጄ ወለተሥላሴ አሁን ካምፓላ ትገኛለች። የዜግነት ቃለ መጠይቅ ለኖቬምበር 13 ተቀጥሮልኛል፤ ዜግነቱን ካገኘሁ እሷን ለማምጣት እንደሚፈጥንልኝ ተነግሮኛል። ይህን የምናገረው ከጉዳዩ ለመውጣት ሳይሆን ከዚህ በታች የምገልጸው ፍርሃት ከየት እንደመጣ እንዲታወቅልኝ ነው።

የምሠራበት ማምረቻ ባለቤት ናትናኤል ይባላል። ዕድሜው 34 ሲሆን ያደገውም የተማረውም እዚሁ አትላንታ ነው። አትላንታ አጠገብ ደንዉዲ ውስጥ በአንድ ቢሮ ጥሩ ሥራ ነበረው፤ እሱን ትቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ማምረቻውን ከፈተ። አባቱን ከቤተ ክርስቲያን ስለማውቃቸው ሥራውን ያገኘሁት በእሳቸው በኩል ነው። ልጁ ክፉ አይደለም። ሲያገኘኝ "ጋሼ" ይለኛል፤ አንተ እያለ ቢያናግረኝም እዚህ ያደጉ ልጆች እንደዚያው ስለሆኑ አልቀየመውም።

የዊስኪ ዋጋ የሚወሰነው በርሜል ውስጥ በተኛበት ዘመን ነው። ማምረቻው ገና ልጅ ስለሆነ ዊስኪውም ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ብቻ የተኛውን ናትናኤል አንዱን ጠርሙስ በ95 ዶላር ይሸጠዋል። በርሜሉ ትንንሽ ነው፣ ሥራው በእጅ ነው፣ እህሉም ተመርጦ ከገበሬ የሚገዛ ነው፣ ስለዚህ ዋጋው ተገቢ ነው ይላል። ጎብኚዎች ግን በዚህ ገንዘብ ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች አሥር ዓመት የተኛ እናገኛለን ብለው ጠርሙሱን መልሰው መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡታል። አንዲት ሴትዮ "ለሕፃኑ የአያቱን ዋጋ ጠየቃችሁን" ብላ ስትስቅ የናትናኤል ፊት ሲቀላ አይቻለሁ። እኔ አረቄ ሳምንት ሳይሞላው ተጠጥቶ ከሚያልቅበት አገር የመጣሁ በመሆኔ በማንኛቸውም አልፈርድም።

በርሜል ሲሞላ ቁጥሩንና ቀኑን ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስገባው ናትናኤል ነው። እኔ ደግሞ ማንም ሳያዘኝ በበርሜሉ ግንባር ላይ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በጠመኔ እጽፋለሁ። አዲስ አበባ አሥራ አንድ ዓመት የዘይት መጋዘን ሠራተኛ ስለነበርኩ ቀን ያልተጻፈበት በርሜል ካየሁ ይከነክነኛል። የምጽፈውም በአማርኛ፣ በእኛው አቆጣጠር ነው። በ41 ቁጥር በርሜል ላይ "መጋቢት 2013" ብዬ ጽፌአለሁ። ይህ በዚህ አገር አቆጣጠር ማርች 2021 መሆኑ ነው።

ጁን 14 ቀን 2025፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሚስተር ሆሊስ የሚባል ዊስኪ ሰብሳቢ መጋዘኑን ሊጎበኝ መጣ። ረጅም፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። 41 ቁጥር በርሜል ዘንድ ሲደርስ ቆመና በጣቱ እያሳየ ይህን አንተ ነህ ወይ የጻፍከው አለኝ። አዎን አልኩት። 2013 ነው ወይ አለኝ። አሁንም አዎን አልኩት። በርሜሉ የተሞላው በ2013 ስለሆነ የጠየቀኝን መለስኩ እንጂ ሌላ አላሰብኩም። ናትናኤል አጠገባችን ነበር። አንዴ በርሜሉን አንዴ እኔን አየ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ፈጠን ፈጠን እያለ ብዙ ተናገረ፤ እኔ "ኬንታኪ" የሚለውን ብቻ ነው የያዝኩት። በኋላ እንደተረዳሁት፣ በርሜሉ ኬንታኪ ከሚገኝ ማምረቻ የተገዛ ነው፣ የሞሉትም እኚህ ሰውዬ (እኔን ማለቱ ነው) ናቸው፣ እሳቸውንም ያገኘኋቸው ከበርሜሉ ጋር ነው ብሎታል። ሚስተር ሆሊስ በርሜሉን እንዳለ ሊገዛ ተስማማ። የተስማማበት ዋጋ አራት ዓመት ለተኛ ዊስኪ ከሚጠየቀው ሦስት እጥፍ ነው።

ጁን 20 ቀን፣ ዓርብ፣ ናትናኤል ወደ ቢሮው ጠርቶ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ሰጠኝ። ምን እንደሚል ስጠይቀው፣ "ጋሼ፣ ኢትስ ናቲንግ፤ ገዢው ስለጠየቀ ነው። አርባ አንድን በ2013 በእጄ ሞልቻለሁ ነው የሚለው። ዋሸሁ? አንተ ራስህ ነህ የጻፍከው። ጀስት ሳይን አድርግልኝ" አለኝ። አልዋሸህም አልኩትና ፈረምኩ።

ሚስተር ሆሊስ በሴፕቴምበር ዊስኪውን በጠርሙስ አስሞላ። የበርሜሉን ግንባር ፎቶ አንስቶ ፊደሎቹ ስላማሩት "መጋቢት 2013" የሚለውን የእጅ ጽሑፌን እንዳለ ሌብሉ ላይ አሳተመው። ከዚያ ደንዉዲ ውስጥ እራት ግብዣ ላይ ለእንግዶቹ ሲያሳይ፣ በሩ ላይ መኪና ፓርክ የሚያደርግ አንድ የአገራችን ሰው ጠርሙሱን አይቶ አነበበለት። ይህ የእኛ አቆጣጠር ነው፣ በእናንተ 2021 ነው ብሎ ነገረው። ይህን ያወቅኩት ሚስተር ሆሊስ ራሱ ሲነግረኝ ነው።

ኦክቶበር 18 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 10 ሰዓት ገደማ መጋዘኑ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ሚስተር ሆሊስ በመኪና መግቢያው በኩል ገባና ተጠቅላዩን በር ከውስጥ ወደ ታች ሳበው። ወገቡ ላይ ሽጉጥ ነበር። ሽጉጡን አልነካውም፤ ግን ኮቱን እንዳየው ገለጥ አደረገልኝ። ቁጭ በል አለኝና አንድ ባዶ በርሜል ላይ ተቀመጥኩ። ስልኩን አውጥቶ እየቀረጸኝ ስሜን፣ ሥራዬን፣ በርሜሉን የሞላሁበትን ዓመት ጠየቀኝ። ከዚያ የእራት ግብዣውን ነገር ነገረኝ። እንግዶቹ ሁሉ እንደሳቁበት ሲነግረኝ ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። የፈራሁት ከሽጉጡ ይልቅ ያንን ውርደቱን ነው።

ቀጥሎ በመጋዘኑ የእንጨት መዶሻ የአንዱን ሙሉ በርሜል ውታፍ መትቶ አስወጣና በርሜሉን በእግሩ ገፍቶ አንከባለለው። ዊስኪው እየተንዶቀዶቀ ወለሉን ሞላው፤ ጫማዬ ራሰ፤ ሽታው ዓይኔን አቃጠለው። እሱ ከኪሱ የሲጋር መለኮሻ አወጣ። የዊስኪ ትነት ከሩቅ እሳት እንደሚስብ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ተምሬአለሁ፤ እሱም አሳምሮ ያውቃል። በአማርኛ "ኧረ በማርያም!" ብዬ ጮኽኩ፤ እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ሱሪዬ መራሱን፣ ያም ከዊስኪው አለመሆኑን ሳላፍር እናገራለሁ። በመጨረሻ መለኮሻውን መልሶ ኪሱ ከተተና "በወረቀትህ ፍርድ ቤት እንገናኛለን" ብሎኝ በሩን ከፍቶ ሄደ። ለፖሊስ 911 የደወልኩት ከግቢው ወጥቼ ከመንገዱ ማዶ ከተሻገርኩ በኋላ ነው።

ማታ ስለ ወረቀቱ ሳስብ ሌላ ፍርሃት መጣብኝ። ሚስተር ሆሊስ እንደነገረኝ ወረቀቱ በ2013 ኬንታኪ በርሜል ስሞላ እንደነበርኩ ይላል። በፈረንጆቹ 2013 እኔ ሱዳን ካምፕ ውስጥ ነኝ፤ ወደዚህ ስመጣም ይህንኑ በመሐላ አስመዝግቤአለሁ። ቃለ መጠይቁ ላይ ያንን ወረቀት አውጥተው ቢያሳዩኝ የስደተኛነት ፋይሌ በሙሉ ውሸት ይመስላል። እስኪነጋ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ናትናኤል ደወለልኝ። ፖሊስ እሱንም እንደጠራው ነገረኝ። የካምፑን ነገር ስነግረው፣ "ጋሼ፣ ሊስን፣ ለሁለታችንም የሚሻለው አንድ ነገር ነው። በኢትዮጵያ ካሌንደር ጻፍኩ፣ ስፈርም ሰውዬው በየትኛው እንደሚያነበው አላሰብኩም በል። ኦነስት ሚስቴክ ነው። ማንም ፕሩቭ አያደርግብህም። ፕሊስ፣ ቃላችን አንድ ይሁን" አለኝ። ድምፁ እያለቀሰ ያለ ሰው ድምፅ ነበር። እሺ አልኩት።

ዛሬ ወደዚህ ቢሮ የመጣሁት ይህንኑ ልናገር ነው፤ ተናግሬም ነበር። መርማሪው ሰምተውኝ እሳቸውም በመጡበት ዓመት የልደት ቀናቸውን በእኛ አቆጣጠር ሞልተው ስንት ቢሮ እንደተንከራተቱ አጫወቱኝ። ማንም ሐበሻ የሚሳሳተው ስህተት ነው ብለው ቃሌን ሊዘጉ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞሩት። ልፈርም ስል መርማሪው በእርግጥ እንዳመኑኝ ሳይ ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩ። ይቆዩኝ ብዬ የሚከተለውን እንዲጨምሩ ጠይቄአለሁ።

ጁን 20 ቀን ወረቀቱን ስፈርም ናትናኤል ስልክ ሊያነሳ ወጥቶ ነበር። ቢሮው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ከፊርማው ቀጥሎ ቀን የሚሞላበት መስመር አለ። እዚያ ላይ በራሴ እጅ ጁን 20፣ 2025 ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልነገረኝም። በእኛ ቢሆን ሰኔ 2017 ነበር የምለው። ከላይ 2013፣ ከታች 2025 የሚል አንድ ገጽ ፊቴ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ገዢው አንዱን ከሌላው ቀንሶ አሥራ ሁለት ዓመት እንደሚያገኝ ያን ጊዜ ገብቶኛል። አራት ዓመት መሆኑንም አውቃለሁ፤ የሞላሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ቀድጄ መነሳት እችል ነበር። ሥራዬን ካጣሁ ለልጄ ዋስ መሆን አልችልም ብዬ ፈራሁና ወረቀቱን እንደፈረምኩት ትቼ ወጣሁ። ስለዚህ የበርሜሉ ጽሑፍ የአቆጣጠር ስህተት ነው፤ ፊርማዬ ግን ስህተት አይደለም።

መርማሪው ይህ ከተጻፈ እንደማይፋቅ፣ ለኖቬምበር 13 ቀጠሮዬም ሊጎዳኝ እንደሚችል ነግረው እርግጠኛ ነዎት ወይ ብለው ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል። ሁለቱንም ጊዜ ይጻፉት ብያለሁ። የመጀመሪያውን ወረቀት የፈረምኩት ፈርቼ ነው። ይህንንም የምፈርመው እየፈራሁ ነው፤ ግን የተጻፈው ሁሉ በተነበበልኝ ጊዜ ያልሆነ ነገር አላገኘሁበትም።

የምስክሩ ፊርማ፦ ኃይለመስቀል ገብረሕይወት

የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ መርማሪ መክብብ ተስፋዬ

የቃል ተቀባይ ማስታወሻ፦ ቃሉ ከጠዋቱ 11፡55 ተጠናቋል። ምስክሩ ከፈረሙ በኋላ "አሁን ወደ ቤቴ ነው የምሄደው?" ብለው ጠይቀውኛል። ለዛሬ አዎን ብያቸዋለሁ።