ሲነቃነቅ የት ነበርክ?

አዛውንቱ አናጢ ሕመማቸውን ጎረቤት እንዳያውቅባቸው ብለው፣ የሐኪም ወረቀታቸውን ኮፒ ለማስደረግ ሁለት ታክሲ ተሳፍረው ሩቅ ሰፈር ሄዱ። ሰው ግን ከሚሸሸው ነገር ጋር መሸሸጊያው ላይ ይገናኛል። ከኮፒ ማሽኑ ኋላ ቆማ ወረቀት የምታስተካክለው፣ በዚያ ሰዓት ዩኒቨርሲቲ መሆን የነበረባት የገዛ ልጃቸው ነበረች።

«አንቺ! ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?»

«አለ አባባ። ይቀመጡ፣ ደክሞዎታል» አለችና ወንበር ሳበችላቸው።

ልጅቱ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማረው በዩኒቨርሲቲው የገንዘብ ድጋፍ ነው። አባቷ ኩላሊታቸውን ከታመሙ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ሆስፒታል ታደርሳቸዋለች፤ ለመድኃኒታቸውም ብላ ሳትነግራቸው እዚህ ተቀጥራለች። አዛውንቱ ማሽኑ ላይ ያለውን ቅጽ አንስተው አነበቡ። አንድ ኮርስ የማቋረጫ ማመልከቻ ነው።

«መልካም አይደል?» አሉ ቁጣቸው በረድ ብሎ። «ሦስቱን ኮርስ ይዘሽ ከምትወድቂ ሁለቱን በደንብ ተማሪ።»

«ከሦስት በታች ለያዘ ተማሪ ድጋፉ ይቋረጣል አባባ። ሦስቱን ይዤ ውጤቴ ከዝቅተኛው መስፈርት ከወረደም ያው ነው።»

«ሌላ መላ የለውም?»

«አለው። ቤተሰብ የታመመበት ተማሪ ኮርሱን ሳያቋርጥ በፊት የሐኪም ወረቀት አያይዞ ካመለከተ፣ ሁለት እየተማረ ድጋፉ ይቀጥልለታል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ልጅቱ በእጃቸው ያለውን የሐኪም ወረቀት አየችው።

«የኔን? አይሆንም! ገመናዬን ማንም ጸሐፊ እንዲያነበው? ሆድ ይፍጀው ብዬሽ አልነበር?»

«ብለውኛል። ዝም ያልኩትም ለዚሁ ነው።»

«አርባ ዓመት ከእንጨት ጋር ስታገል ማንንም እዘኑልኝ ብዬ አላውቅም!»

«ይህ እዘኑልኝ ማለት አይደለም፤ ችግር ሲገጥማችሁ አስታውቁን ብለው ደንብ ያወጡት እነሱ ናቸው። እስቲ አባባ፣ ወንበሩ ገና ሲነቃነቅ የሚያመጣልዎትን ደንበኛ ምን ይሉታል?»

«አስተዋይ ነዋ! ትንሽ ኮላና ሁለት ምስማር ይበቃዋል።»

«እግሩ ከተሰበረ በኋላ ተሸክሞት የሚመጣውንስ?»

አዛውንቱ እንዲህ ያለውን ደንበኛ «ሲነቃነቅ የት ነበርክ?» እያሉ ሲያፋጥጡ፣ ልጅቱ ሕፃን ሆና የእንጨት ፍቅፋቂ እየለቀመች ስንት ጊዜ ሰምታለች። ኩራት መልካም ነው፤ የልጅን መንገድ ሲዘጋ ግን ኩራትነቱ ይቀራል። ይህ ለአናጢው አሁን ገባቸው፤ አፈሩም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እሰማ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እኔ የራሴን ደብቄ ያንቺን ትምህርት ልገድል! በይ ሁለት ኮፒ አድርጊው፤ አንዱን ለሆስፒታሉ፣ አንዱን ለትምህርት ቤትሽ። ያንን ቅጽ ደግሞ ቅደጂው።»

ልጅቱ የዚያኑ ዕለት አመለከተች፤ በአሥረኛው ቀን ተፈቀደላት። ድጋፉ ስላልተቋረጠ የኮፒ ቤቱን ሥራ ወደ ቅዳሜ ብቻ አወረደችው፤ ሁለቱን ኮርሶችም ከመስፈርቱ በላይ በሆነ ውጤት አለፈች። ደንብን ቀድሞ ያነበበና ችግሩን በጊዜው የተናገረ ተማሪ ትምህርቱንም ክብሩንም ያተርፋል።

አዛውንቱም አንዴ አፋቸውን ከከፈቱ ወዲያ፣ ባለታክሲ ለሆነ አንድ ጎረቤታቸው ሕመማቸውን ነገሩት። ሰውየው አንዱን የሆስፒታል ቀን እኔ አደርስሃለሁ ብሎ ወሰደ። በመጀመሪያው ቀን የመኪናውን በር እየከፈተላቸው፣ ድሮ የተሰበረ ወንበር ይዞላቸው ሄዶ ከእሳቸው የሰማትን ቃል መለሰላቸው።

«ቆይ አንተ ሰውዬ፣ ሲነቃነቅ የት ነበርክ?»