ዳማ በፈረሰው በረንዳ

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ወጣትና አንድ ሽማግሌ ያወራሉ።

«ዳማ ነው የምትጫወተው?»

«አዎ አባባ። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አለን፣ አስተዳዳሪው እኔ ነኝ። አሁን አንዱን ላባርረው ወይስ ልተወው እያልኩ ነው።»

«ምን አጠፋ?»

«አይሸነፍም። ኮምፒውተር ነው የሚጫወትለት ብለው አባላቱ ከሰሱት።»

«በምን ታጣራለህ ታዲያ?»

«የተጠረጠረ ሰው ቪዲዮ ከፍቶ፣ እጁ እየታየ በቆርኪ ይጫወታል። ትናንት በጠራራ ፀሐይ ከእኔ ጋር ተጫወተ።»

«አጭበረበረ?»

«ኧረ፣ በንጹሕ ሦስቴ አሸነፈኝ። ግን የተቀመጠበትን ይዩት እስቲ፣ ቀርጬዋለሁ።»

ዘወር ስል ሽማግሌው ስልኩን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠግተውታል።

«ይሄ እኮ ውቤ በረሃ የነበረው የግቢያችን በረንዳ ነው። ከፈረሰ ዓመት አልፎታል።»

«እኔም ሰፈሩን ስለማውቀው ነው የደነገጥኩት።»

«የድሮ ቪዲዮ ይሆናላ።»

«የድሮ ከሆነ ለእኔ ጨዋታ እንዴት ይመልሳል? በስሜ እየጠራኝ ነው የሚያወራው።»

«አውራ ጣቱ ጥፍር የለውም፣ አየህ? ጎረቤቴ ነው። ቤቱ ሳይፈርስ ነው የቀበርነው።»

ወጣቱ አንገቱን አስግጎ ስልኩን አየ።

«ፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ለምን ባዶ ሆነ?» አሉ ሽማግሌው።

«ጠይቄው ነበር። የጓደኛዬ ነው፣ እየመጣ ነው አለኝ። ምን ላድርገው አባባ፣ ላባርረው?»

«ተወው። ወንበሩ የእኔ ነው።»

መውረጃዬ ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» ሳልል ቀረሁ።