ከጉበቱ ሥር የተቀበረው መርፌ

ፋርማሲስቷ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ኪሎ ሥጋ ልትገዛ ወደ ልኳንዳው ባትገባ ኖሮ፣ ሥጋ ቆራጩ አይሳሳቴ ሰኞ ቢላዋቸውን ለአማቻቸው ያስረክቡ ነበር።

ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ሥጋውን በዓይናቸው ለክተው ይቆርጣሉ፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ጨምር ቀንስ የለም። ስሙን ከመውደዳቸው የተነሣ ከሥጋ ውጭ ላለውም ነገር ሁሉ ይሠሩበት ጀመር፤ ጥፋቱም የመጣው ከዚህ ነው።

ማይግሬን አለባቸው። በወር አሥር ቀን ያህል ግማሽ ራሳቸውን ይፈልጣቸዋል፣ ዓይናቸው ላይ ብልጭ ብልጭ ይልና የሚቆርጡት ሥጋ ግማሹ ይጠፋባቸዋል። በቅርቡ ቢላዋው አውራ ጣታቸውን ለጥቂት ሳተው። ሐኪሙ በወር አንዴ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መከላከያ መርፌ አዞላቸው ነበር። ሁለቱን ወጉ፤ ለውጥ የለም። ሥራውን ሊተዉ የቆረጡት ለዚህ ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመታቸው ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቁም።

ፋርማሲስቷ የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ በልጅነቷ ለውሻዋ አጥንት ይሰጧት ነበር። ስለ ራስ ምታታቸው ብትጠይቃቸው ዲፕ ፍሪዘሩን ከፈቱና ከጉበት ሥር በረዶ የለበሰ ካርቶን አወጡ።

«ይኸው የእናንተ መድኃኒት። ሦስተኛው ነው፤ ውሰጂልኝ።»

«ጋሼ፣ ይህ እዚህ ውስጥ ምን ያደርጋል?»

«እንዳይበላሽ ነዋ። ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ ተባልኩ። ደግሞ ስለ ቅዝቃዜ እኔን ልታስተምሪኝ ነው?»

ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብበው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ወረቀት ያነበበ ሰው በሽታውን ትቶ መድኃኒቱን ይፈራል ሲሉ መለሱ። ጥያቄ ሲጨመርባቸው ደግሞ መርፌውን የሚወጉት ራሳቸውን ባመማቸው ቀን፣ በፈላ ውኃ አቅልጠው እንደነበር ተናገሩ። ልጅቷ አልሣቀችም፤ ድምፅዋንም አላነሣችም። የተማረ ሁሉ እንዲህ ቢታገሥ ስንቱ በዳነ ነበር።

መደርደሪያው ላይ ወዳለው እንቁላል አመለከተች። «እንቁላሉንስ ለምን ዲፕ ፍሪዘሩ ውስጥ አይከቱትም?»

«ትቀልጃለሽ? በረዶ የመታው እንቁላል ቢቀልጥም አስኳሉ ረግቶ ይቀራል። ወደ ነበረበት አይመለስም።»

«መድኃኒቱም እንደ እንቁላሉ ከፕሮቲን የተሠራ ነው። አንዴ በረዶ ከሆነ ይጣላል። እስካሁን የወጉት ምናልባት ኃይሉ የጠፋ ፈሳሽ ነው።»

አይሳሳቴ ንጹሑን ቢላዋ እንደገና ወለወሉ። አፍረዋል። ሆኖም በዋዛ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

«እሺ፣ ሳያመኝ ለምን እወጋለሁ?»

«ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለም እንዴ? ይህ የሚከላከል እንጂ የሚያስታግስ አይደለም። ለሕመሙ ቀን ሐኪሙ ሌላ ያዝልዎታል። ይህንን በየወሩ በተመሳሳይ ቀን ይውጉት፤ ጥቂት ወራትም ይታገሡት።»

የቀረውንም አስረዳቻቸው። መርፌው ተራ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ከመወጋቱ ግማሽ ሰዓት በፊት ይወጣና በራሱ ጊዜ ቅዝቃዜው ይለቀዋል፤ ሙቅ ውኃም ፀሐይም አያስፈልገውም፣ አይናጥም። የደፈረሰ ወይም ቅንጣት ያለበት ከሆነ አይነካም። ጭን ወይም ሆድ በአልኮል ይጠረግና፣ በየጊዜው ቦታ እየተቀየረ፣ መርፌው ፈሳሹ እስኪያልቅ ተጭኖ ይያዛል። ያለቀው መርፌ የሚጣለው እሳቸው እንዳደረጉት የአጥንት ባልዲ ውስጥ ሳይሆን ጠንካራ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ነው። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

«ሐኪሙንስ ምን ልበለው?» አሉ በመጨረሻ።

«እውነቱን።»

ነገሩት። ሐኪሙ አዲስ መርፌ አዘዘላቸው፤ አማችየውም ርክክቡን እንዲጠብቅ ተነገረው።

በአራተኛው ወር አሥሩ የሕመም ቀን ሦስት ሆነ። ጨርሶ አልለቀቃቸውም፤ ብልጭታው በመጣ ቀን ቢላዋውን አስቀምጠው ይተኛሉ። የቀረውን ቀን ግን ከጠዋት እስከ ማታ እንደ ድሮው ይቆርጣሉ። አማችየውም ወደ ቀድሞ ሥራው፣ ወደ ጭነት መኪና ሹፌርነቱ ተመለሰ።

አንድ ጠዋት ሰልፍ ላይ ራሷን በሻሽ ጠፍራ ያሰረች ሴት፣ የታዘዘላት የማይግሬን መርፌ ምንም እንዳልፈየደላት ለጎኗ ሰው ስታማርር ሰሟት።

«እኅቴ፣ የት እንደምታስቀምጪው ወረቀቱን አንብቢ። ያልገባሽንም ጠይቂ» አሏት። «እኔ አልጠየቅኩም። ተሳስቼ ነበር።»

ሥጋ ሲጠቀልሉ የነበሩት ባለቤታቸው እጃቸው ቆመ። በሠላሳ ሁለት ዓመት ትዳር ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምተው አያውቁም።

«ምን አልክ?» አሉ።

አይሳሳቴም ደገሙት።