ሦስት ቀን ያልሞላው ጨርቅ

ዛሬ ጠዋት የሆነውን ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሥራ አስኪያጃችን "አምስት ደቂቃ ብቻ" ብለውኛል፣ ሰዓታቸውንም ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውታል፣ እያየሁት ነው።

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳሁ። አንደኛ፣ ሸሚዝ ተኮስኩ። ሁለተኛ፣ ትንሿ ልጄ የተኮስኩት ሸሚዝ ላይ ሻይ ደፋች። ሦስተኛ፣ ሌላ ሸሚዝ። አራተኛ፣ ኬኩን ልቀበል ስሄድ ኬክ ቤቱ ዝግ። በሩን ስደበድበው ሰውየው በፎጣ ተጠቅልሎ ወጣና "ወንድሜ፣ ለሠርግ ነው እንዴ?" አለኝ። "ለጡረታ ነው" ስለው "ታዲያ ጡረታ ምን ያስቸኩላል?" ብሎኝ ኬኩን ሊያመጣልኝ ተመልሶ ገባ። አምስተኛ፣ ኬኩን ይዤ ግማሽ መንገድ ስደርስ ንግግሩን ቤት ረስቼዋለሁ። ስመለስ ባለቤቴ ወረቀቱን ይዛ በር ላይ ቆማለች።

"ዛሬ ልትናገረው ነው አይደል?" አለችኝ።

"እናገረዋለሁ።"

"አምናም እንዲሁ ብለህ ነበር።"

እሷ የምትለውን ነገር ልንገራችሁ። እኔ ጀልባ ነጂ ነኝ፣ ግን ዝርዝር ሳልጽፍ ገበያ እንኳን እንደማልወጣ ታውቃላችሁ። ከዝርዝር ወደ ዝርዝር እየገለበጥኩ አሥራ ሦስት ዓመት ያቆየሁት አንድ ነገር አለ። ያልሠራሁት፣ ያልሰረዝኩት። ዛሬ የምንሸኛቸው ጋሼ አርብ ዕለት ቁልፋቸውን ያስረክባሉ። ዛሬ በሁላችሁም ፊት፣ በሥራ አስኪያጃችንም ፊት ካልተናገርኩት ሌላ ቀን የለኝም። ፈርቻለሁ። ግን መጀመሪያ ትንሽ እንሳቅ፤ ስትስቁ ይቀለኛል።

ጋሼ እዚህ የባሕር ጥበቃ ቢሮ የመጡት የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው። ከመሬት ይዞታ መሥሪያ ቤት ነው የመጡት፣ በመዝጋቢነት። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጫማ፣ በእጃቸው የቆዳ ቦርሳ፣ ፀሐዩ እንደ እሳት፣ እሳቸው በከረባት። በሩ ላይ ቆመው ወደ ውጭ አዩ። ባሕሩ ሸሽቶ ነበር፣ እስከ ድንጋዮቹ ድረስ ጭቃ ብቻ ነው የሚታየው።

"ይቅርታ ወንድሜ፣ ባሕሩ የታለ?" አሉኝ።

"ሄዷል፣ ከሰዓት ይመለሳል" አልኳቸው።

እኔ እየቀለድኩ፣ እሳቸው ማስታወሻ ደብተር አውጥተው ጻፉት! ከዚያ ቀጠሉ፤ "ለመሆኑ የኛ ድርሻ ከየት እስከ የት ነው? ወሰኑስ?" የጽዳት ሠራተኛችን፣ ያቻት እዚያ ጋ አሁንም የምትስቀው፣ መጥረጊያዋን ተደግፋ "እስኪያጥወለውልዎት ድረስ ነው ጋሼ" አለቻቸው። በማግስቱ ጀልባ ላይ አወጣኋቸው። ወሰኑን ከወደቡ አፍ ሳንወጣ አገኙት።

ባሕሩን መልመድ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። ልማዳቸውን መልመድ ለኛ አሥራ ዘጠኝም አልበቃን። ጀልባ ላይ ጃንጥላ የሚይዝ ሰው ሌላ ቦታ አይታችኋል? ከመነሳታችን በፊት ሰው ሦስት ጊዜ ይቆጥራሉ፤ አራት ሰው ነን እኮ ጋሼ! አንድ ቀን ሦስት ብቻ አግኝተው አላስነሳ አሉን። ራሳቸውን ሳይቆጥሩ ነው። የባሕር ኤሊዎቹን "ደንበኞቻችን" ነው የሚሏቸው። "ዛሬ ስንት ደንበኛ መጣ?" ይሉኛል። ምሳ ላይ ዓሣ ሲቀርብ ደግሞ ሳህኑን ገፋ ያደርጉና "ባልደረባ አይበላም" ይላሉ። እኔ እስከ ዛሬ እበላለሁ፣ ግን ጀርባዬን ሰጥቻቸው ነው የምበላው።

ለእንግዶቻችን ደግሞ "ጋሽ ጨርቁ" የሚለው ስም ከየት እንደመጣ መናገር አለብኝ።

ባለቤት የሌለው መረብ ታውቃላችሁ። ዓሣ አጥማጅ ሲጠፋበት ወይ ጥሎት ሲሄድ መረቡ ሥራውን አያቆምም። እረፍት የለው፣ በዓል የለው፣ ኤሊ ይይዛል፣ ዶልፊን ይይዛል፣ ይዞ ይገድላል። የኛ ሥራ እሱን ፈልጎ ቆርጦ ማውጣት ነው። እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት አሮጌ የመሰለንን ሁሉ እንቆርጥ ነበር። ዓሣ አጥማጁ ደግሞ ሲያየን ምራቁን ይተፋ ነበር፣ እውነቱን ነው።

ጋሼ ይህን አይተው "በመሬት ሥራ እንዲህ አይደረግም፣ ባለቤቱ ይጠራል" አሉ። እንዴት ይጠራል? ቀይ ጨርቅ መረቡ ላይ ይታሰራል፣ ሦስት ቀን ይጠበቃል። ባለቤት ካለው መጥቶ ይፈታዋል። በሦስተኛው ቀን ጨርቁ እንዳለ ከሆነ ያኔ ይቆረጣል። ይኸው ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ግን ዓሣ አጥማጆቹ ጨርቁን እየፈቱ ቢሮ ድረስ ያመጡልን ጀመር። ሻይ ይጠጣሉ፣ "እዚያ ማዶ ደግሞ ባለቤት የሌለው አለ፣ ሂዱና አውጡት" ብለው ይሄዳሉ።

ጨርቁ ከየት ይመጣ እንደነበር ባለቤታቸውን ጠይቋቸው። እትዬ፣ ልናገር? አንድ ቀን አብረውን በጀልባ ወጡ። መሃል ባሕር ላይ መረብ ላይ የታሰረውን አይተው "አንተ ሰውዬ! ይሄ የኔ ቀሚስ አይደለም?" አሉ። ጋሼም ደብተራቸውን ገልጠው "የቀሚስሽ እጅጌ ነው። ቀሪው ደሴቲቱ ጋ ነው ያለው" አሏቸው። ዛሬ ካርዱ ላይ ሦስት ሰው "መንገዱን ጨርቅ ያድርግልዎት" ብሎ ጽፏል። እባካችሁ፣ በእትዬ ስም እለምናለሁ፣ ጨርቅ የሚለው ቃል ከእንግዲህ እዚያ ቤት አይነሳ።

ያ ጨርቅ ሩቅ ሄደ። እኛ ትንሽ ቢሮ ነን፣ አንድ ጀልባ፣ አንድ የሚያፈስ ጣሪያ። ግን እንደኛ ባሕር የሚጠብቁ ድርጅቶች በየዓለሙ አሉ፣ ሪፖርታችን እነሱ ጋ ይደርሳል። ስሙን መጥራት ከማልችለው ባሕር ደብዳቤ መጣ፤ "የጨርቁን ነገር አስረዱን" የሚል። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ግድግዳው ላይ ያለው ካርታ ላይ ያሉት አሥራ አንድ ቀይ መርፌዎች እነሱ ናቸው። በመጨረሻም እነዚህ ድርጅቶች ሁሉ የሚገናኙበት ትልቅ ስብሰባ ላይ ጋሼ ራሳቸው እንዲናገሩ ተጠሩ። ሙሉ ልብስ አሰፉ። ጀልባ ውስጥ ቆመው ንግግር ይለማመዱ ነበር፣ እኔ የዓለም ሕዝብ ሆኜ አጨበጭባለሁ።

አልሄዱም። ለምን እንዳልሄዱ ሁላችሁም የምታውቁት ታሪክ አለ። ጋሼ በስህተት የሰው መረብ ቆረጡ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣ፣ ሌላ ሰው ተላከ፣ የሚጠበቀው እድገትም ቀረ። ይህን ታሪክ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር "ተጠንቀቁ" ብለን እንነግረዋለን።

ውሸት ነው።

ጋሼ፣ ይቀመጡ። እጅዎን አያወዛውዙብኝ፣ ዛሬ ተራው የኔ ነው።

ሁለት መረብ ነበር። አንደኛው ጥቁሩ ድንጋይ ጋ፣ ሰኞ ጨርቅ የታሰረለት። ሁለተኛው አሸዋው ጋ፣ ረቡዕ የታሰረለት። ረቡዕ ጋሼ ለስብሰባው ጉዞ ፎቶ ሊነሱ ከተማ ነበሩ፣ ጨርቁን ያሰርኩት እኔ ብቻዬን ነኝ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ባለቤቴን ምጥ ያዛት። የሐሙስን ዝርዝር ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ ጻፍኩት፣ በወንድሜ ላክሁት። ሁለቱን መረቦች አቀያይሬ ጻፍኳቸው። "አሸዋው ጋ ያለው፣ ሦስት ቀን ሞልቷል" የሚለው የኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ጋሼ ዝርዝሬን አምነው ሄዱ፣ ቆረጡ።

ማታውን ባለ ሰማያዊ ጀልባው ዓሣ አጥማጅ ቢሮ መጣ። በጨርቁ ከሁሉም በፊት ያመነ እሱ ነበር፣ ለሌሎቹም "ሰዎቹ ቃላቸውን ይጠብቃሉ" ብሎ የሰበከልን እሱ ነው። እኔ አልነበርኩም፣ የጽዳት ሠራተኛችን ናት የነገረችኝ። አልጮኸም። ከተቆረጠው ገመድ ላይ የተረፈውን ቀይ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "ሦስት ቀን ነበር ያላችሁት። ይሄ የታሰረው ትናንት ነው። ሞተሬን ጠግኜ ልፈታው ስመጣ መረቤ የለም" አለ።

"የቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አሉት ጋሼ።

በማግስቱ ሆስፒታል መጡ። ብርቱካን ይዘው።

"ልጅቷ ደህና ናት?"

"ደህና ናት ጋሼ።"

"እናትየዋስ?"

"ደህና ናት።"

ዝርዝሩን ከኪሳቸው አወጡ፣ አራት ቦታ የታጠፈ። ሳየው ገባኝ። "ጋሼ፣ ዛሬውኑ ሄጄ እናገራለሁ" አልኳቸው።

"ዝም በል። አንተ ኮንትራት ነህ፣ እኔ ቋሚ ነኝ። ቋሚ ሰው ይወቀሳል፣ ኮንትራት ሰው ይባረራል። ልጅህን እቀፍ።"

ወረቀቱን ቀዳደው የብርቱካኑ ልጣጭ ጋ ጣሉት። በቃ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አላነሱብኝም። የተላከው ሰው ከስብሰባው ሲመለስ እስክሪብቶ አመጣላቸው፤ "ጥሩ ይጽፋል" ብለው ተጠቀሙበት።

ያ ዝምታ ያመጣልኝን ቆጥሬ ጽፌዋለሁ። በዓመቱ ቋሚ ሆንኩ። ሦስት ልጆቼ ከትምህርት ቤት አልቀሩም። ጣሪያ አለኝ። ዛሬ ጠዋት ሻይ የደፋችብኝ ልጅ ራሷ ከዚያ በኋላ የተወለደች ናት። እሳቸው ላይ ያመጣባቸውንም ጽፌዋለሁ። ስብሰባው ቀረ። እድገቱ ቀረ። ያ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ወደቡ ላይ በጎናቸው ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ጋሼ በየቀኑ "እንደምን አደርክ" ይሉታል፣ እሱ አይመልስም። እኔ ኋላቸው ገመድ ይዤ እሰማለሁ፣ ገመዱን አያለሁ። አንድም ቀን ቀና ብዬ "ጋሼ አይደሉም፣ እኔ ነኝ" አላልኩም። ዛሬ ነገ፣ ክረምቱ ይለፍ፣ ልጅቷ ትመዝገብ፣ ስል ስል እርስዎ ጡረታ ደረሱ።

ሥራ አስኪያጃችን፣ ሰምተውኛል። ነገ ጠዋት ቢሮዎ ድረስ እመጣለሁ፣ የሚሉኝን እቀበላለሁ። አዲስ ለሚመጣ ሠራተኛም ታሪኩን ስትነግሩ በኔ ስም ንገሩት።

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ ማለት ያንሳል፣ ግን ሌላ ቃል አላውቅም፣ ትምህርቴም ከዚያ አያልፍም። አመሰግናለሁ። የቆጠሩልን ደንበኞች ሁሉ፣ ከመረብ ያወጧቸው፣ ያለ ስም የሄዱት፣ እነሱም መናገር ቢችሉ ይሉ ነበር።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሱ። ጁስ ያልደረሰው ውሃም ይሁን፣ ያንሳ። ለጋሼ ጤና! ጠዋት ሳይቸኩሉ ለሚጠጡት ሻይ! ያለ ደብተር፣ ያለ ጃንጥላ በባሕሩ ዳር ለሚሄዱበት መንገድ! ለእትዬም ሙሉ ቀሚስ፣ ከነእጅጌው! ዕድሜ ይስጥልን፣ ልጅ የልጅ ልጅ ይዩ፣ ቤትዎ ሰው አይጣ፣ ደጅዎ ሰላምታ አይጣ!

ጠጡ፣ ጠጡ።

ለእናንተ ነገርኳችሁ። ለባለ ሰማያዊ ጀልባው ግን ገና አልነገርኩትም።