ስለ ጭነት ጀልባው መቀነትና ስለ ቡርሀን እስር

የምስክሩ ስም፦ አቶ አካሉ ወልደ ሐዋርያት
ዕድሜ፦ 67 (በግምት)
ሥራ፦ ጀልባ ቀለም ቀቢ
አድራሻ፦ ባሕር ዳር ከተማ፣ ቀበሌ 04
ቃሉ የተሰጠበት፦ ኅዳር 16 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30 ሰዓት

ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቻለሁ። ኅዳር 9 ቀን እዚሁ ጣቢያ የሰጠሁት ቃል ሐሰት ስለሆነ ላስተካክል ነው።

ጀልባ ስቀባ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ፊደል አልቆጠርሁም፤ ግን ጣና ላይ ከአካሉ የተሻለ ቀቢ አለ የሚል ካለ ይምጣ። የብረት ጀልባን ዝገት የሚበላው እኛ መቀነት በምንለው ዙሪያው፣ አንድ ጊዜ ውኃ አንድ ጊዜ ፀሐይ በሚያገኘው ላይ ነው። ስለዚህ ዝገቱ ከተፋቀ በኋላ ቀለም ሳይነካው በመዶሻ ይንኳኳል። ደህናው ብረት ይጮሃል፤ የሳሳው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። አዳምጬ "ቀቡ" የምል እኔ ነኝ።

ጆሮዬ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ለማንም አልተናገርሁም።

ጥቅምት 18 ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ የምንሠራበት ድርጅት የጭነት ጀልባ የብስ ላይ ወጥቶ ሳንኳኳ በያጁ ቡርሀን ዳውድ አጠገቤ ነበር። "ጋሽ አካሉ፣ እዚህ ጋ ድምፁ ሞቷል፤ እስቲ ይድገሙት። ቆርጬ ልለጥፍበት" አለኝ። ደገምሁት፤ ልዩነቱን አልሰማሁም። ሠራተኛው ያየናል። "አንተ እሳትህን ጠብቅ፤ እኔ ብረት ማዳመጥ የጀመርሁት አንተ ጡት ሳትጥል ነው" አልሁት። ሳቁበት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሁለት እጅ ቀይ የዝገት መከላከያ፣ ሁለት እጅ ጥቁር አስቀባሁበት። አማረ።

ኅዳር 7 ቀን ጀልባው ከቁንዝላ እህል ጭኖ ሲመለስ መቀነቱ እዚያው ቡርሀን ያሳየኝ ቦታ ላይ ተበሳ። ሰው አልሞተም፤ እህሉ ግን ውኃ በላው። በውይይት ክበብ "የኢኮኖሚ አሻጥር ነው" ተባለ። መርማሪው ሲጠይቀኝ "ብረቱ ደህና ነበር፤ ብየዳው ነው" አልሁ። በዚሁ ቃሌ ቡርሀን ታሰረ። በዚያ ጥገና እሱ የበየደው ሌላ ቦታ፣ ከቀዳዳው አንድ ክንድ ርቆ ነው፤ ሄዳችሁ እዩት፣ ዛሬም አልተነቃነቀም።

ትናንት ሚስቱ ዘሊካ ስንቅ ይዛ እዚህ በር ላይ ቆማ አገኘችኝ። "ጋሽ አካሉ፣ እርስዎ ብረት ያውቃሉ፤ እባክዎ ይናገሩለት" አለችኝ። አቀርቅሬ አለፍኋት። እንዲህ ያለ ሰው አልነበርሁም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። እሱ ይፈታ፤ እኔ ልግባ። ይህ ቃል ቡርሀን ባለበት፣ የሳቁበት ሠራተኞች ተሰብስበው እንዲነበብ እጠይቃለሁ። እስኪያልቅ ድረስ ፊት ለፊቱ እቆማለሁ።

የተናገርሁት ተነቦልኝ ልክ ሆኖ አግኝቸዋለሁ፤ ያስገደደኝ የለም። ያለፈው ቃሌ ይቅር፤ በዚህኛው አውራ ጣቴን አኑሬያለሁ።

የምስክሩ የጣት አሻራ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ አምሐ ዳኘው (ፊርማ)